የባለቤቴ አውራ ጣት እና የተደራረበው ፊልም

ፊልሙን ከውሃው አውጥቼ መታጠቢያ ቤት ባሰርነው ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩት። እንዳይጠቀለል ከታችም ሌላ መቆንጠጫ አንጠለጠልኩበት። ከዚያ ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት። የመጀመሪያዎቹ አራት ፎቶዎች በደህና ተቀምጠዋል። አምስተኛው ስድስተኛውን ነክቶታል። በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል ጣት የሚያስገባ ባዶ ቦታ አለ። ዘጠኝና አሥር ጭራሽ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥተዋል፤ የሐይቁ ጀልባ በጎረቤታችን በር ሊገባ ነው።

«እንዴት ነው?» አለኝ ባለቤቴ ከበሩ ውጪ። እኔ ፊልም ሳጥብ እሱ ኮሪደሩ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ይጠብቃል።

«ገና አልደረቀም» አልኩት።

ውሸት አይደለም። መልስም አይደለም።

ባለቤቴ ፎቶ አንሺ ነው። በከተማችን ባህል አዳራሽ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ፎቶ ቤት ነበረው። ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት ያነሣ ነበር። እኔ ጠዋት አስተምሬ ከሰዓት በኋላ ጨለማ ክፍሉ ገብቼ ፊልም አጥብለት ነበር፤ ስለ ፎቶ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሱ ነው። ስልክ ሁሉንም ሰው ፎቶ አንሺ ሲያደርገው ቤቱን ዘጋ። ዕቃውን ሸጠ። አንድ የጃፓን ካሜራ ብቻ አስቀረ፤ ባትሪ የማይፈልግ፣ ብረት በብረት የሆነ፣ ከባድ።

ካቻምና አንድ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ቀኝ ጎኑ ነበር። ሐኪሞቹ ቀላል ስትሮክ ነው አሉን፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀላል ነበር። ከወራት በኋላ ክንዴን ይዞ መራመድ ጀመረ። እጁ ዕቃ ይይዛል። አውራ ጣቱ ብቻ ዘገየ። እየጨመቀ እንዲያፍታታው የጎማ ኳስ ሰጡት። ኳሷን ጠላት።

«እማዬ፣ ኳሱን ተይው» አለችኝ አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃችን በስልክ። «ካሜራውን ስጪው። ፊልሙን የሚያሳልፈውን መሳቢያ በአውራ ጣት አይደል የሚስበው?»

እሷው ጥቁርና ነጭ ፊልምና የማጠቢያውን ዱቄት ፈልጋ በሰው ላከችልን። ካሜራውን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። በማግስቱ ጺሙን እንድላጨው ጠየቀኝ። የትኛውን ሸሚዝ ልልበስ እያለም ተጨነቀ።

ከዚያ ወዲህ መውጣት ጀመርን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በባጃጅ ወደ ሐይቁ እንሄዳለን፤ በሥራ ቀን ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እስከ መንገዱ ጫፍ። አንዱ ክንዴ የእሱ ስለሆነ የምይዘው ቦርሳ አንድ ብቻ ነው፤ የካሜራው ቦርሳ። መድኃኒቱም፣ ውሃውም፣ የጸሎት መጽሐፌም፣ ጧፌም እዚያው ይገባል። ቤት ስንደርስ ቦርሳውን በረንዳው ምስማር ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ቀጥዬ እሱን አስቀምጣለሁ፣ ቀጥዬ ራሴን።

ያ የመጀመሪያው ፊልም ሲደርቅ «አምጪው» አለኝ። በግራ እጁ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ቀጥሎ ቀኝ አውራ ጣቱን አየ።

«ይቺ ናት» አለ።

«ማን?»

«ይቺ ሰነፍ። ግማሽ መንገድ ሄዳ አረፍ ትላለች።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ወዲያው ጣቱን አልከሰስኩም። ሁለተኛውን ፊልም ስናስገባ እሱ ከወንበሩ እያዘዘኝ ሁሉንም አንድ በአንድ አየን። የፊልሙ ጫፍ መጠቅለያው ውስጥ በደንብ ገብቷል? ገብቷል። በፊልሙ ጠርዝ ያሉት ቀዳዳዎች ጥርሶቹ ላይ ተቀምጠዋል? ተቀምጠዋል።

«ላላ ያለውን አጥብቂው። አሁን ክዳኑን ዝጊና ሳቢ። በግራ በኩል ያለው የፊልም መመለሻ አብሮ ይዞራል?»

«ይዞራል።»

«እንግዲህ ምን ቀረው? ጸልዪበት።»

ሁሉም ልክ ነበር። ፊልሙ ከመጀመሪያው ብሶ ተደራረበ። ሦስተኛውም እንደዚያው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ ጋደም ብሎ ሳለ የተበላሸ ፊልም አስገባሁ፤ ክዳኑን ግን አልዘጋሁም። በሳብኩ ቁጥር በፎቶው መስኮት ጠርዝ በኩል ፊልሙ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰምራለሁ። ሃያ ጊዜ ሳብኩ። ፊልሙን አውጥቼ በማስመሪያ ለካሁት። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ እኩል ነበር።

ማስመሪያውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ካሜራው ደህና ነው። እንግዲያው ጣቱ ነው።

ይህን አልነገርኩትም። የሠራሁት ግን ከመናገር የባሰ ነው። በተከታዩ እሑድ አዲስ ፊልም አስገባሁለት፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የመጀመሪያውን አነሣና አውራ ጣቱን ወደ መሳቢያው ሲሰድ፣ እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ፣ እኔ ልሳብልህ።»

አየኝ። ከዚያ ሰጠኝ። ስቤ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ አንድ ባነሣ ቁጥር ሳልጠይቀው ካሜራውን ወደ እኔ ይዘረጋ ጀመር፤ እንዲያስታጥቡት እጁን እንደሚዘረጋ እንግዳ። አሥራ አንደኛው ላይ «ለዛሬ ይበቃል» አለ።

በማግስቱ እንውጣ ስለው ፀሐይ ነው አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደመና ነው አለ። ከዚያ ምክንያት መስጠቱንም ተወው።

እነዚያ ሦስት ሳምንታት ረዘሙብኝ። ጎህ ሲቀድ እነሣለሁ። አጥበዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ መድኃኒቱን አስውጠዋለሁ፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ስመለስ ትቼው በሄድኩበት ወንበር ላይ አገኘዋለሁ። ጎረቤት «እንዴት ናችሁ?» ሲለኝ «ተመስገን» እላለሁ። ከልቤ ነው። ግን ደከመኝ የምልበትም ሌላ ቃል የለኝም። ጺሙ አደገ። ልላጭህ አላልኩትም፤ እሱም ላጪኝ አላለኝም።

ልጃችን ደውላ «ፊልሙስ አላለቀም?» ስትለኝ አፈርኩ። የቀሩትን ፎቶዎች ብቻዬን አንሥቼ ጨረስኳቸው፤ የግቢያችንን ፓፓያ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር፣ መንገድ ዳር የቆመ ባጃጅ፣ ያገኘሁትን ሁሉ። ቅዳሜ አጠብኩት። እሱ ፊልም ሳጥብ ኮሪደሩ ላይ መጠበቁን ትቷል። ሰቀልኩትና ከላይ ጀምሬ አየሁ። ፓፓያው አጥሩ ላይ በቅሏል። ባጃጁ አጥሩን ጥሶ ገብቷል።

ባልዲውን ገልብጬ ተቀመጥኩበት። ይህን ፊልም የእሱ ጣት አልነካውም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሳብኩት እኔ ነኝ፤ በደህናው እጄ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ደስታው ፊልሙ እስኪደርቅ እንኳ አልቆየም። ጣቱ ካልሆነ እኔ ምን አድርጌያለሁ?

ሰኞ ቦርሳውን እንዳለ ይዤ ሥራ ሄድኩ፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያው ወደ አዲስ ከተማ ሰፈር አለፍኩ። እዚያ ሰዓትና ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ አሉ። ድሮ የፎቶ ቤቱን ካሜራዎች የሚያበጁልን እሳቸው ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ሬዲዮ ሁልጊዜ የፕሮቴስታንት መዝሙር ያሰማል። ሲያዩኝ ድምፁን ቀነሱት።

«ሰውዬው እንዴት ነው?»

«ተመስገን ነው፣ ጋሼ።»

«ተመስገን ብዙ ዓይነት ነው። የትኛው?»

«የሚራመደው» አልኳቸው።

«የሚራመድ ከሆነ ለምን ራሱ አልመጣም?»

«መምጣቴን አያውቅም።»

«ሰርቀሽ ነው ያመጣሽው!» አሉ ጮክ ብለው። ጎን ያለው ጫማ ሰፊ ቀና ብሎ አየኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጣቱን መጠርጠሬን፣ መሳቢያውን ከእጁ መውሰዴን፣ በመጨረሻ በራሴ እጅ የተሳበው ፊልምም መደራረቡን። ካሜራውን ተቀብለው መሳቢያውን ግማሽ ድረስ ሳቡና ሰጡኝ።

«አንሺበት» አሉኝ።

ተጫንኩ። ካሜራው ዝም አለ።

«ለምን አላነሣም?»

«ሙሉ ስላልተሳበ።»

«ታዲያ ጣት ምን አጠፋ? የደከመ ጣት ያዘገያል እንጂ አያደራርብም። መሳቢያው መጨረሻ ካልደረሰ ይህ ካሜራ በጭራሽ አያነሣም። ካነሣ፣ ጣቱ ሥራዋን ጨርሳለች ማለት ነው። አንቺ አስተማሪ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ወረቀቱን ሳታርሚ ዜሮ ሰጠሽው።»

ክዳኑን ከፍቼ የሠራሁትን ሙከራ ነገርኳቸው፤ መከላከያ አደረግኩት መሰለኝ። ሃያ ጊዜ ስቤ ሃያውም እኩል ነበር አልኩ።

«ክዳኑ ሲዘጋ ፊልሙን ከኋላ ይጫነዋል» አሉ። «መጎተት የሚከብደው ያኔ ነው። አንቺ ባዶ ጋሪ ገፍተሽ ጋሪው ደህና ነው አልሽ። እህል ጫኝበት እንጂ!»

ጫማ ሰፊው ሳቀ። እሳቸው ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ካሜራውን ገለበጡት። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ፊልም ሲያልቅ እሷን ተጭነን ነው ወደ መያዣው የምንመልሰው፤ ስትጫን ውስጥ ያሉት ጥርሶች ፊልሙን ይለቁታል። አዲስ ፊልም ሲሳብ ብቅ ብላ ጥርሶቹን መልሳ ታስይዛለች። በመርፌ ዙሪያዋን ፈቀፈቁ። ቢጫ ነገር ወጣ። መርፌውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ማር ይሸታል» አሉ።

እኔም አሸተትኩት። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ቦርሳው ውስጥ እጄን ሰድጄ ጧፌን አወጣሁት። ጎብጧል፤ በአንድ ጎኑ ተጨፍልቋል።

«ጧፍ!» አሉ። «እናንተ ደግሞ ካሜራውንም ታስቀድሱታላችሁ?»

«አንድ ቦርሳ ነው ያለኝ፣ ጋሼ። አንድ እጅ ነው የሚተርፈኝ።»

ሳቃቸውን ተዉት። ቦርሳውን የት እንደማኖረው፣ ፀሐይ ያገኘው እንደሆነም ጠየቁኝ። በረንዳው ምስማር ላይ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ያገኘዋል። ካሜራው በሥሩ ጧፉ ላይ ተቀምጦ፣ ሰሙ ለስልሶ፣ ቁልፏን ገፋ አድርጎ ዙሪያዋን ገብቷል። ቁልፏ ተጭና ስትለቀቅ ግማሽ ብቻ ትመለሳለች። ጥርሶቹ ግማሽ ይይዛሉ፤ አንዴ ይስባሉ፣ አንዴ ያመልጣቸዋል።

«ፊልም ሲያልቅ ይህችን ቁልፍ ማን ነው የሚጫናት?»

«እኔ።»

«ጧፉን ያስቀመጠው?»

«እኔ።»

«እንግዲህ የሰውዬውን ጣት ፍቺያት፤ በነፃ ትሂድ።»

ጥጥ በቤንዚን እያራሱ ቁልፏን አጸዱ። ተጭነው ለቀቁና መሳቢያውን ሳቡት፤ ቁልፏ ጠቅ ብላ ሙሉ በሙሉ ብቅ አለች። ሦስት ጊዜ ደጋግመው አሳዩኝ። ካሜራውን ሲመልሱልኝ ግን ማሰሪያውን ከእጃቸው ሳይለቁ ቆዩ።

«ልጄ፣ ‹ተሠራ› ብቻ ብለሽ እንዳትሰጪው» አሉኝ።

እንደዚያ ላደርግ አስቤ ነበር። በምን እንዳወቁብኝ እንጃ።

ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ቆሻሻ ገብቶበት ነበር፣ ጸዳ ማለት እችላለሁ፤ ውሸትም አይሆንም። እንዲህ ያለ ውሸት ያልሆነ ነገር ብዙ ተናግሬ አውቃለሁ። ግቢው በር ላይ ትንሽ ቆምኩ፤ ከዚያ ገባሁ።

በረንዳው ላይ ነበር። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ጣትህ አይደለም» አልኩት።

«ምኑ?»

«ፊልሙን የሚያደራርበው። የእኔ ጧፍ ነው።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ምንም አላስቀረሁም። ሲያዳምጥ ፊቱ ወደ መንገዱ ነበር።

«ክዳኑን ከፍተሽ የሞከርሽው መቼ ነው?»

«ተኝተህ ሳለ።»

«ተኝቼ ሳለ።» ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው ደገመው። «ተከሳሹ በሌለበት ፈረድሽ።»

«አዎ።»

«ግማሽ ተስቦ እንደማያነሣ እኔ አላውቅም? ስንቱን ተለማማጅ አስተምሬዋለሁ!»

«ታዲያ ለምን ‹ይቺ ናት› አልከኝ?»

«ቀልድ ነበር» አለ። ጣቱን በግራ እጁ ይዞ አየው። «አንቺ እጅሽን ስትዘረጊ ግን አመንኩሽ።»

ከዚህ የከፋ ነገር ተናግሮኝ አያውቅም፤ በትዳራችን ሁሉ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለ፤ ፊቱን ግን አላዞረም። ቆይቶ፣ «ጧፍሽን ከቦርሳዬ አውጪ» አለኝ። አወጣሁ። የጸሎት መጽሐፌንም አወጣሁ። መድኃኒቱን ላወጣ ስል «እሱ የእኔ ነው፣ ይቀመጥ» አለ።

በዚያን ምሽት ለጸሎት ስቆም የለመድኩት ቃል አልመጣ አለኝ። ጣቱን ስላልወሰድክበት ተመስገን አልኩ። እኔ ወስጄበት ነበር። ሌላ የጨመርኩት የለም።

ማክሰኞ አልወጣም። ረቡዕም አልወጣም። ቦርሳው ቤት ውስጥ፣ ወንበሩ አጠገብ ነበር። አልጠየቅሁትም። ቅዳሜ ማታ እራት ላይ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ፣ «ፊልም አለ?» አለኝ።

«አንድ አለ።»

«ነገ ጺሜን ትላጪኛለሽ።»

ያንን ፊልም ሳምንት ቆይቼ ሳጥበው ክፍተቶቹ ሁሉ እኩል ወጡ። ስለ ፊልሙ የምለው ይኸው ነው። በደንብ የማስታውሰው ግን የተነሣበትን ጠዋት ነው።

ከቅዳሴ ወጥተን በባጃጅ ወደ ሐይቁ ወረድን። ዓሣ አስጋሪዎቹ ከሚገቡበት ቦታ ራቅ ብለን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው ዓሣ ይጠብቃሉ። ፊልሙን ራሱ ሊያስገባ ፈለገ። ጫፉ ሁለት ጊዜ ከመጠቅለያው ወጣበት። ልረዳው ጎንበስ ስል «ቁጭ በይ» አለኝ። ቁጭ አልኩ። በሦስተኛው ያዘለት። ክዳኑን ዘጋው። አንዴ ሳበ። ጣቱ መሳቢያውን እስከ ግማሽ ወሰደችው፤ አረፈች፤ እንደገና ተነሥታ ጨረሰችው።

አንዲት ጀልባ ከግራ በኩል መጣች። አነሣት። ጀልባዋ ወደ እኛ ዞረች፤ ቀዛፊው ቆሞ፣ ብርሃኑ ከኋላው ሆኖ። እንደዚያ ያለ ነገር ሲመጣ ድሮ በሦስት ሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያነሣ ነበር። አውራ ጣቱን ወደ መሳቢያው ላከ። ጣቷ ሄደች፤ ቆመች። ሁለቱም እጆቼ ሊነሡ ሲሉ ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ አጠላለፍኳቸው። በሕይወቴ ብዙ ከባድ ዕቃ አንሥቻለሁ፤ እጄን ባለማንሣት የዚያን ጠዋት ያህል የደከምኩበት ቀን የለም።

ጣቷ እንደገና ተንቀሳቀሰች። መሳቢያው መጨረሻው ደረሰ። ጀልባዋ ግን አልፋ ነበር፤ ጀርባዋ ብቻ ይታያል።

«አመለጠችን» አልኩት።

«አመለጠችኝ» ሲል አረመኝ፤ ሌላ ጀልባ እስኪመጣም ዓይኑን ከካሜራው አላነሣም።